ዘጠኝ ከአርባ ስድስት

ቲቸር በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን የበቆሎ ፍሬ በሙሉ በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፉት። በመርሳው የፖከር ካርታ ውድድር ሳይሸነፉ የቀሩት እሳቸውና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሯት ማንጎ ነጋዴ ብቻ ነበሩ፤ ያሸነፈ ለፍጻሜው ወልድያ ይሄዳል። በእጇ ሁለት፣ ጠረጴዛው ላይ ከተገለጡት አራት ካርታዎች ደግሞ ሁለት ቀይ ልብ አላት። የቀሯትን አርባ ፍሬ አስይዛ ከገባችና የምትቀረው ካርታ አምስተኛ ልብ ከሆነች እሷ ትበላለች፤ ካልሆነች አርባ ፍሬዋ ሄደ፣ ውድድሩም አበቃ።

«ግቢ በያ! ምን ያስፈራሻል?» አላት ከጀርባዋ የቆመው ሾፌር።

አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቷ እያሸች አሰበች። ከሃምሳ ሁለቱ ካርታዎች ያላየቻቸው አርባ ስድስት ናቸው፤ ልብ የሆኑት ዘጠኝ። ከአምስት አንዴ ግድም። መሃል ያለውን ስልሳ ፍሬ አንዴ ለማግኘት፣ አርባ አርባ እያለች አራቴ ልትከስር ነው። ማንጎ እንዲህ ገዝታ አታውቅም። ሁለቱን ልቦች ገልጣ አሳየቻቸውና ካርታዋን ጣለች።

«ይውሰዱት፣ ቲቸር።»

ሾፌሩ አላስቻለውም። እጁን ሰዶ የቀረችውን ካርታ ገለበጣት። ቀይ ልብ ነበረች። ቤቱ በሙሉ «ውይ!» አለ፤ ሾፌሩም ራሱን ያዘ።

ቲቸር ግን የተገለበጠችውን ካርታ ዞር ብለው አላዩዋትም። ከሸሚዛቸው ኪስ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፤ እጇን ሳብ አድርገው፣ ድሮ ደብተሯ ላይ እንደሚያደርጉት፣ መዳፏ ላይ ትልቅ ራይት አደረጉላት።

ቀለሙ እንዳይለቅ መዳፏን ዘርግታ፣ በሌላኛው እጇ አርባ ፍሬዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

«አሁን ካርታውን ያድሉ» አለች።