አንገት የሚይዘው ብረት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ጀርመን፣ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር ባለው ፎቶ ቤት የነበርነው እኔ፣ አክስቴ ገላነሽና የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ነን። ለመታወቂያዬ ሰኞ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ስላለኝ ጉርድ ፎቶ ልነሣ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የጥቁር አሜሪካዊው የፀረ ባርነት ታጋይ የፍሬድሪክ ዳግላስ ምስል ተሰቅሏል።

«በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካኖች ሁሉ ብዙ ፎቶ የተነሣ እሱ ነው» አሉ ጋሽ ሰይፈ።

«ታዲያ ምነው አይስቅም? የጀርመን መታወቂያ ሊያወጣ ነው?» አለች አክስቴ።

«ያኔ ፎቶ ማንሣት ጊዜ ስለሚወስድ ሰው እንዳይነቃነቅ ከኋላ አንገቱን በብረት ይይዙት ነበር።»

ወዲያው ቀዝቃዛ ነገር አንገቴን ያዘኝ። የእሳቸው ዕቃ መስሎኝ፣ ትልቅ ሰው አይጠየቅም ብዬ ካሜራውን ማየት ቀጠልኩ። ካሜራው ብልጭ አለ።

«ጨርሰናል፤ ተነሥ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ብረቱን ያላቅቁልኝ።»

«የምን ብረት?»

አክስቴ ከኋላዬ ዞራ አየችና ማማተብ ጀመረች። ልነሣ ሞከርኩ። ብረቱ ጠበቀ።