የኋላው ወንበር ቀበቶ

ሃርላን ለልጁ ለቴሳ የመጀመሪያ መኪናዋን ገዝቶላት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ባዶ መኪና ማቆሚያ ላይ ከጎኗ ተቀምጦ እያለማመዳት ነው። በስልክ ደግሞ የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ ላይ ይጮሃል።

«ይሄ ሁሉ ብር ለአንዲት ለማጅ?»

«ለሁለት ነው እንጂ ጌታዬ። እህቷም ትናንት ደውላ ተመዝግባለች እኮ።»

«ያለችኝ አንድ ልጅ ናት! ሌቦች!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

መኪናዋም ጢጥ ጢጥ ማለቷን አላቆም አለች። የኋላው ወንበር ቀበቶ አልታሰረም ትላለች፤ ኋላ ግን ማንም የለም።

«ይኼን ቆሻሻ የሸጠልኝን ሰውዬ አንቀዋለሁ!»

«አባዬ፣ አትጩህ በናትህ!» አለች ቴሳ፣ መሪውን ጨምድዳ።

ይባስ ነደደው። ዞር እንኳ ሳይል ወደ ኋላ አምባረቀ፤ «አንቺ እህት ተብዬ፣ ቀበቶሽን እሰሪያ ታዲያ!»

ከኋላ ቀበቶ ሲሳብ፣ ከዚያም ቀጭ ብሎ ሲገባ ተሰማ። ጢጥታውም ቆመ።