ቢጫ ይሁን ብለው ነበር

«አባባ፣ የመኪናዋ ጎድጓዳ ሳይቃና ቢጫ ልቀባት? ሰው ምን ይለኛል?»

ቀቢው ሳቀ።

ሰፈሩ «መስታወት» ነው የሚለው። እሱ የቀባው መኪና ላይ ፊትህን እያየህ ፂምህን ትላጫለህ ስለሚባል...

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ጥቁር ሰማያዊ ቀለሟ የለቀቀውን አሮጌ መኪናቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ገንዘቤ ይቺው ናት ልጄ። ቢጫ ውድ ነው ያልከኝ አንተው ነህ።»

እውነት ነው፣ ብሏል። ቢጫ ስስ ቀለም ነው። ከሥሩ ነጭ ይፈልጋል፤ በላዩም ሦስት አራት ጊዜ ካልተደረበ የሥሩን ያሳብቃል። በሽማግሌው ገንዘብ ወይ ጎድጓዳው ይቃናል፣ ወይ ቢጫው ይቀባል። ሁለቱም አይሆንም።

«ረከስ ያለ ልምረጥልዎ? ነጭ አለ፣ ግራጫ አለ...»

«ቢጫ ይሁን። ደማቁ። ከሩቅ የሚታየው።»

«በዚህ ዕድሜ ለማን ሊታዩ ነው አባባ?»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ሽማግሌውም ፈገግ አሉ።

«ባለቤቴ እኮ...» ብለው ሲጀምሩ የመስታወት ስልክ ጮኸ።

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ «ሐሙስ ይምጡ!» አላቸው።

ሄዱ።

መስታወት ክፉ ሰው አይደለም። (ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው...)

በማግስቱ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። መደርደሪያው ላይ ከአንድ ባለሀብት መኪና የተረፈ ብልጭልጭ ግራጫ ቀለም አለ። ሁለት ጊዜ ከተረጨ ይበቃል። በሚተርፈው ገንዘብና ጊዜ ጎድጓዳው ይቃናል።

«አባባ ስለ ቀለም ምን ያውቃሉ! እኔ ላስደስታቸው» አለ ለራሱ።

ሐሙስ ሽማግሌው መጡ።

መኪናዋ ሙሽራ መስላ በር ላይ ቆማለች... ግራጫ ሆና።

በእጃቸው ዳሰሷት።

«ቢጫ ብለን ነበር እኮ ልጄ...»

«ቢጫ የታክሲ ነው አባባ! ይሄ የሀብታም ቀለም ነው። ጎድጓዳውንም አቃንቼልዎታለሁ። ለዚህ ደግሞ አምስት ሳንቲም አልጨምርብዎትም!»

ሽማግሌው ከኪሳቸው ገንዘቡን አወጡ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ደክመሃል» ብለው ከፍለው ሄዱ።

መስታወት ቅር አለው። ይሄን ሁሉ ሠርቶላቸው ጥርሳቸውን እንኳ አላሳዩትም። «ለሰው ሞት አነሰው!» እያለ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ለመቀባት ብሎ የነቀለው የመኪናዋ አንቴና ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ አገኘው።

ደወለላቸው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቴን ከሥራ ልቀበል እሄዳለሁ፤ እዚያ ታገኘኛለህ» ብለው ቦታውን ነገሩት።

ሄደ።

የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በመኪና ተሞልቷል። ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ደግሞ ግራጫ...

አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት የብረት ድጋፉን ይዘው ደረጃውን ወረዱ። ቆመው ወዲያ ወዲህ አዩ። የሚፈልጉትን ያጡ ይመስላሉ። ከዚያ ወደ አንዲት ጠቆር ያለች መኪና ሄደው በሯን ሳብ አደረጉ።

«ሴትዮ! ምን ልትሰርቂ ነው?» ብሎ ባለመኪናው ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ይቅርታ ልጄ... የኛ መስሎኝ ነው። ዓይኔ ደክሟል...»

«እዚህ ነኝ የኔ እመቤት! እዚህ ነኝ!»

ሽማግሌው ናቸው። እየሮጡ መጥተው የሴትየዋን እጅ ያዙ።

«ቢጫዋን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ» አሉ ሴትየዋ። «ገና አልተቀባች ይሆናል ብዬ ወደ ጠቆረችው ሄድኩ። ሐኪሙ ከቀለም ሁሉ ቢጫው ይለይልሻል ብሎኝ የለ? ዛሬ እንኳ ማንም ሳይመራኝ፣ ብቻዬን መኪናችን ጋ ልደርስ ነበር...»

አንቴናውን ይዞ ከኋላቸው የደረሰው መስታወት ይህን ሰማ።

ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቢጫው ከገበያ ጠፍቶ ነው። ለጊዜው ሌላ ቀባልኝ። ቀቢው ራሱ በጣም አዝኗል» አሏቸው።

«ምን ያድርግ እሱ? ምስኪን!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው...

ምክንያቱም አሁን ራሱን መዋሸት አልቻለም። ግራጫውን የቀባው ለሽማግሌው አስቦ ብቻ አልነበረም። ቢጫ ስለሚያደክም ነው። ጎድጓዳ ያለባት ቢጫ መኪና ከጋራዡ ስትወጣ ሰው ያማኛል ብሎ ነው። «ደግነቴ» ያለው ነገር ግማሹ ስንፍና፣ ግማሹ ጉራ ነበር።

«አባባ...» ብሎ ቀረበ።

ሽማግሌው አዩት። ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አትናገር ማለታቸው ነው።

«ማነው?» አሉ ሴትየዋ።

«ቀቢው ነው። አንቴናችንን ሊያመጣልን ነው የመጣው።»

ሴትየዋ እጃቸውን ዘረጉለት። «አይክፋህ ልጄ። ቢጫው ሲገኝ ትቀባልናለህ።»

«ተገኝቷል፣ እማማ» አለ።



ቅዳሜና እሑድ ማንንም ሳያስነካ ብቻውን ቀባት። ከሥር ነጭ፣ ከላይ ቢጫ አራት ጊዜ። የገዛ ገንዘቡን አውጥቶ።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከግቢው ማዶ ቆሞ አየ። ሴትየዋ ደረጃውን ወረዱ። ቀና አሉ። ከዚያ በዚያ ሁሉ መኪና መሀል፣ ማንም ሳይዛቸው፣ ቀጥ ብለው ሄደው በሩን ከፈቱ።

የሳቃቸው ድምፅ እሱ ጋ ድረስ ተሰማ።

በመኪናዋ ሲያልፉ ሽማግሌው «ያ ልጅ ማዶ ቆሟል» ብለው ነገሯቸው መሰለኝ፣ ሴትየዋ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው እያውለበለቡ «ተባረክ!» አሉት።

መስታወት አንገቱን ደፋ። ያ ምርቃት የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል።

ወገኖቼ... ለሰው መልካም መሥራት ደስ ይላል። ግን ሰውየው የሚፈልገውን ሳንሰማ እኛ የመረጥንለትን ስንሰጠው፣ ራሳችንን ነው ያስደሰትነው። መጀመሪያ ጠይቁ። ከጠየቃችሁ ደግሞ እስኪጨርስ ስሙት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... መስታወት እውነቱን ለሴትየዋ መናገር አለበት? ወይስ ሽማግሌው የሸፈኑለትን ገመና እንደተሸፈነ ይተወው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ከታች ጻፉልኝ።