የሬዲዮው ሾፌር

«ልጄ፣ ድምፅህስ ግሩም ነው፤ ምን ያደርጋል፣ በዚህ የሬዲዮ ድራማ ውስጥ ዓይነ ስውር የለም» አሉ አዘጋጁ።

«እኔም የመጣሁት ለሾፌሩ ነው፣ ጋሼ።»

ስቱዲዮው በሳቅ ተናጋ። ዓይነ ስውሩን ተዋናይ ግን በየድራማው ለማኝ መሆን አንገሽግሾት ነበር፤ ዛሬ መሪ ሳይጨብጥ አይወጣም።

«አድማጭ አይደነግጥም ታዲያ?»

«በሬዲዮ ዓይኔን ማን ያየዋል?»

አዘጋጁ የድራማውን ጽሑፍ ገልጠው፣ «በል እስቲ፣ ቁልቁለቷን ውረዳት» አሉት። ጣቶቹን በብሬል ጽሑፉ ላይ እየነዳ በጉሮሮው ሞተር አስነሳ፤ ማርሽ ቀየረ፣ ረዳቱን ሰደበ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስም «ኧረ ፍሬን እምቢ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ከጠረጴዛው ማዶ የአዘጋጁ ጫማ ወለሉን ደጋግሞ ሲረግጥ ሰማ።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያሳርፉ» አላቸው፤ «ፍሬኑ ያለው በእኔ በኩል ነው።»