የረግረጉ ቀንድ አውጣ

«እማዬ፣ እባክሽ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።»

«ጆሮዬ ቆሞም ይሰማል» ትላለች እናት። እጇ ሥራውን አላቆመም፤ ብልቃጦቹን ከመደርደሪያው እያወረደች የጎደለውን አልኮል ትሞላለች። በየብልቃጡ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ ከነሱም ጋር በእርሳስ የተጻፈ መለያ ወረቀት። የቤተ መዘክሩ የዛጎል ለበሶች ክፍል ኃላፊ ከሆነች ጀምሮ ይህን ሥራ ለማንም አሳልፋ አትሰጥም።

ልጅቷ ከቤተ ሙከራዋ ያመጣችውን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። «ስለ ረግረጉ ቀንድ አውጣ ነው።»

አሁን እጇ ይቆማል። የረግረጉ ቀንድ አውጣ የሟቹ ባሏ ግኝት ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ለቀመው፤ ከሐይቁ ቀንድ አውጣ የተለየ ዝርያ ነው ብሎ ጻፈ፤ በሚስቱም ስም ሰየመው። ለሚስታቸው አበባ የሚሰጡ ባሎች አሉ፤ የሷ ቀንድ አውጣ ሰጣት። ያኔ ባልደረቦቿ ሆዳቸውን ይዘው ስቀውባት ነበር። አብራቸው ስቃ፣ ብልቃጡን ዓይኗ በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። እስካሁንም እዚያው ነው።

«ምን ሆነ?»

«ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም፣ እማ። ያው የሐይቁ ነው። ስሙ መሰረዙ ነው።»

«አባትሽ አያይም ነበር እያልሽኝ ነው?»

«እሱማ ዛጎሉን አሳምሮ ነው ያየው። ዛጎሉ ነው የዋሸው።»

እናት ጓንቷን ታወልቃለች። «እንግዲያው እናትሽን ተያት። ለክፍሉ ኃላፊ አስረጂ።»

ልጅቷ ሳጥኑን ትከፍታለች። በአንድ ወገን ቀጫጭን፣ ረዣዥም፣ አፈ ጠባብ ዛጎሎች ተደርድረዋል፤ በሌላው ወገን ወፋፍራም፣ ድንክ፣ አፈ ሰፊ።

«እነዚህን ድንኮቹን ከሐይቁ ነው የለቀምሻቸው» ትላለች እናት።

«ሁሉም የረግረጉ ልጆች ናቸው። እንቁላሉን ወስጄ ግማሹን በረጋ ውሃ አሳደግኩ፤ ግማሹን ፓምፕ ማዕበል በሚያስነሳበት ገንዳ። ማዕበል የሚገፋው ድንጋዩ ላይ ሙጭጭ የሚልበት ሰፊ እግር ያወጣል፤ እግሩ ሲሰፋ የዛጎሉም አፍ ይሰፋል። ያልተገፋው ዝም ብሎ ይረዝማል።»

«ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ነበር የምሰማው።»

«እዚህ ውሃው ሳበ።»

«ሆዱስ?»

«እሱንም ከፍቻለሁ። እዪው።»

እናት ማይክሮስኮፑ ላይ ትጎነበሳለች። አንዱ ከረግረግ፣ አንዱ ከሐይቅ ነው፤ ምላሳቸው ላይ የተተከሉት ጥቃቅን ጥርሶች በአንድ እጅ የተሰፉ ይመስላሉ። የመራቢያ አካላቸውንም ታያለች። «ይህ ፍጡር ወንድም ሴትም ነው፤ ቤቱ ገብቶ የሚጨቃጨቀው ከራሱ ጋር ነው» እያለ ባሏ ተማሪ ያስቅ ነበር። ልዩነት ትፈልጋለች። ደግማ ትፈልጋለች፤ አታገኝም።

«እማ፣ ካልፈለግሽ አላሳትመውም» ትላለች ልጅቷ ከኋላዋ። «ሌላ ሥራ አላጣም። ስምሽ እንዳለ ይቀመጥ።»

እናት ቀና ትላለች። ልጇ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አገጯን ወደ ፊት አውጥታ ቆማለች። ይህን አቋቋም ታውቀዋለች፤ የባሏ ነው።

«ዛጎሉን አልፈሽ ሆዱን ክፈቺ ብሎ ማን አስተማረሽ?»

«አባዬ ነዋ። ዛጎል ልብስ ነው፤ በልብሱ ብቻ አትመኚው ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ እሱ ለምን አመነው?»

ልጅቷ ታስባለች። «በስምሽ ሊሰይመው ቸኩሎ ይሆናላ።»

እናት ሳታስበው ትስቃለች። ሳቁ ሲያበቃ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ይሞላል። ያው የምታውቀው ኀዘን መስሏት ልትይዘው ትዘጋጃለች፤ አይደለም። ሌላ ሰው፣ የማታውቀው ባዕድ፣ ከሩቅ ሆኖ ይህን ስህተት ሊያገኘው ይችል ነበር። ያገኘችው ግን እሱ ያሳደጋት ናት።

«ታሳትሚዋለሽ» ትላለች። «አንድ ቃል ሳታለሳልሺ። ለኔ ብለሽ ብትደብቂው ኖሮ ነበር የማዝንብሽ።»

ብልቃጡን አውርዳ ትከፍትና አዲስ ወረቀትና እርሳስ ታቀርባለች። ልጅቷ የሐይቁን ቀንድ አውጣ ስም ትጽፋለች፤ በግርጌው «ዝርያውን ለየች» ብላ የራሷን ስም፣ ቀጥሎም የአባቷን። ከዚያ ወረንጦ አንስታ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን፣ አባቷ የጻፈውን ቢጫ አሮጌ መለያ እያየች ታመነታለች።

«ወረንጦውን አስቀምጪ» ትላለች እናት። «አሮጌ መለያ ከብልቃጥ አይወጣም። አባትሽም የሌላውን አውጥቶ አያውቅም። የቀደመው ሰው ያየው አብሮ ይቀመጣል።»

አዲሱን ወረቀት ራሷ ታስገባዋለች፤ አልኮሉን እስከ አንገቱ ሞልታ ትከድናለች። ወደ ቀድሞው መደርደሪያ አትመልሰውም። ወደ ሐይቁ ቀንድ አውጣዎች ተርታ ትወስደውና፣ ከማኖሯ በፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ታደርገዋለች። ነጩ ወረቀት ቀስ እያለ ወርዶ ቢጫው ላይ ጋደም ይላል። በሁለቱም ግርጌ የባሏ ስም ይነበባል።