የጣት ሕክምና

ዘራፊዎች በጠራራ ፀሐይ ቤታቸውን ሰብረው ከገቡ ወዲህ፣ የውብዳር እንቅልፍ የሚባል ነገር አጥታለች። ባሏ ግን ይስቅባታል። «እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ፤ ምን ሆንኩ?» ይላል ላገኘው ሁሉ። ዛሬም የሥነ ልቦና ሐኪሟ ዘንድ አብሯት የገባው ሊታዘብ ነው።

ሐኪሟ ሁለት ጣቶቿን ከሚስቱ ፊት ግራና ቀኝ ማመላለስ ጀመረች። «ያን ዕለት እያሰብሽ ጣቶቼን በዓይንሽ ተከተያቸው።»

ሰውየው ሳቁ አመለጠው። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? ዝንብ ማባረር እኔንም አያቅተኝም!»

ሐኪሟ ዞር ብላም አላየችው። የውብዳር ዓይኖች ከጣቶቹ ጋር ሲመላለሱ ቆይተው እንባ ሞላቸው።

«አሁን ማን ታየሽ? ዘራፊዎቹ ናቸው?»

«አይደሉም፤» አለች የውብዳር። «ባሌ ነው። በጓሮ ወጥቶ በሩን ከውጭ ሲቀረቅርብኝ።»