መኪናው ለቅሶ አይወድም

ሰንዳፋ መግቢያ ላይ አላስችል ብሎኝ "ወይኔ እትዬ አሰገደች!" ብዬ ጮህኩ። መኪናው ወዲያው ዳር ይዞ ቆመ።

"ተሳፋሪዋ እስኪረጋጉ ድረስ ጉዞው ተቋርጧል" አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

"ያሳደገችኝ አክስቴ ሞታ ልረጋጋ? ለቅሶ ቤት በደረቅ ዓይን ልግባ?" ብዬ ዳሽቦርዱን በቡጢ ነረትኩት።

"ኧረ ተይ፣ ጥፋት ይመዘግብብናል!" አለ መሪ የያዘው ባለቤቴ።

ኢንሹራንሶቹ ናቸው እንዲህ ያደረጉን። ለቅሶ ሾፌር ያዘናጋል ብለው በየመኪናው ጆሮ ተከሉ። ጋራዥ ወስጄ "ንቀልልኝ" ብዬ ለምኛለሁ። መካኒኩ "እህቴ፣ እሱን ከነካሁት ኢንሹራንስሽ ይሰረዛል፤ ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ሞተሩ አይነሳም" ብሎ ኮፈኑን ዘጋው። በገዛ መኪናዬ!

ምን ላድርግ? እንባዬን ዋጥኩ፣ መኪናውም ተነሳ። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ግን በሩን በርግጄ ወረድኩና ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ የታፈነውን ሁሉ ለቀቅኩት። ሴቶቹም እያለቀሱ ተቀበሉኝ።

የሦስት ዓመቷ ልጄ ሶስና ቀሚሴን ጎተተች። መኪና ውስጥ አልቅሳ አታውቅም፤ ጎረቤቱ ሁሉ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት" ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ጎንበስ ስልላት በትንሽ መዳፏ አፌን ከደነችው። ዓይኗ ከኋላችን የቆመው መኪና ላይ ነበር።

"ዝም በይ እማዬ" አለች በሹክሹክታ፤ "ይሰማሻል።"